የደረቀ ጥርስና የሽማግሌ ቱፍታ

እኔ የሠራሁት ሥራ አይታይም። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ፎቅ የሠራ ሰው በመኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱን አዙሮ ፎቁን ያያል። ስንዴ የዘራም ማሳው ሲያሸት ጠርዙ ላይ ቆሞ ደረቱን ይነፋል። የእኔ ሥራ ያለው ልጆች አፍ ውስጥ ነው፤ ያውም ከወደኋላ፣ መንጋጋ ላይ፤ ያውም ከጥፍር የሳሳ ነገር ነው። ቢሆንም እኮራበታለሁ፤ መኩራቴንም አልደብቅም። ገበያ መሐል የማላውቃት ልጅ ከት ብላ ስትስቅ ካየሁ ዐይኔ ዘሎ የሚገባው አፏ ውስጥ ነው። ባለቤቴ «የሰው አፍ አትዪ፣ ነውር ነው» ይለኛል። እሱ የሰው ፎቅ አንጋጦ ሲያይ ነውር አይደለም፤ እኔ የእጄን ሥራ ሳይ ነው ነውሩ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ። የተወለድኩት ባሌ፣ ጎባ ነው፤ አያቴ ከሰሜን መጥቶ እዚያው የቀረ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ። የልጅነት ጥርሴ ታሪክ አጭር ነው፤ ታመመ፣ ተነቀለ። ያኔ እኛ ሰፈር ለጥርስ የሚታወቀው መድኃኒት ጉጠት ብቻ ነበር። ከታች በግራና በቀኝ የነበሩትን ሁለት መንጋጋዎቼን አንደኛ ደረጃን ሳልጨርስ ተሰናበትኳቸው። እናቴ ደንታ ቢስ ሆና አይደለም። ያ መንጋጋ ሌባ ነው፤ ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ድምፁን አጥፍቶ ይበቅላል። አንድም ጥርስ ሳይወድቅለት ስለሚመጣ አዲስ መሆኑን ማንም አያውቅም። ሲታመምም እናቶች «ግድ የለም፣ ይወድቅና ሌላ ይበቅላል» ይላሉ። አይበቅልም። እስከ ዛሬ ሥጋ ቤት ሲጋብዙኝ ክትፎ ነው የማዘው፤ ሰው ምርጫዬ ይመስለዋል።

አዲስ አበባ ተምሬ ስመለስ ሮቤ አንድ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ያንኑ ጉጠት ያዝኩ። ከጊኒር፣ ከሶፍ ዑመር፣ ከሪራ ጫካ ድረስ ጉንጩን በሻሽ ያሰረ ሰው ይመጣል፤ እነቅላለሁ። ልጅ ይመጣል፤ እነቅላለሁ። ጥርሱ ትሪው ላይ ቃ ብሎ ባረፈ ቁጥር የራሴ ድድ የሚታመም ይመስለኝ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባል የለ? እኛ በየቀኑ ድስት ጥደን ነበር የምናለቅሰው። አንድ ቀን በቃኝና ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ የልጆችን ጥርስ ሳይቃጠል በቅጠል እናሽግ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንጋጋ ከላይ ሲታይ ስንጥቅጥቅ አለው። ስንጥቁ ከጥርስ ብሩሽ ጸጉር የጠበበ ስለሆነ ብሩሽም መፋቂያም አይደርስበትም፤ ከረሜላና ብስኩት ግን ይደርሱበታል። ጥርሱን የሚበላው እዚያ የተወሸቀው ነገር ነው። ስለዚህ ጥርሱ ጤነኛ ሳለ ስንጥቁን በቀጭን ፈሳሽ እንሞላና ፈሳሹን በሰማያዊ መብራት እናደነድነዋለን። ማሸጊያ እንለዋለን። መርፌ የለው፣ መሰርሰሪያ የለው፣ ደም የለው።

ችግሩ መያዙ ላይ ነው። ኢናሜል የምንለው የጥርስ የላይኛው ልባስ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ልሙጥም ስለሆነ ማንንም አያስጠጋም። ጎሚስታ የተነፈሰ ጎማ ሲለጥፍ ያየ ሰው ይገባዋል፤ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፈትገው ሙጫ አይቀባም። እኛም ጥርሱን እናሻክረዋለን፤ በወረቀት ሳይሆን በአሲድ። የአሲዱን ጄል ለጥቂት ጊዜ ጥርሱ ላይ እንተወውና በውሃ አጥበን በአየር እናደርቀዋለን። ያኔ ሲያብረቀርቅ የነበረው ጥርስ ጠመኔ ይመስላል። ያን ንጣት እወደዋለሁ። አሲዱ በዐይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች ከፍቷል ማለት ነው። ፈሳሹ በእነዚያ ቀዳዳዎች ይሰርግና መብራቱ ሲመታው እዚያው ውስጥ ይደርቃል። ማሸጊያውን ጥርሱ ላይ አንቆ የሚይዘው ያ ወደ ውስጥ የገባው ሥሩ ነው።

ጠላቱ ምራቅ ነው። ጠመኔ በመሰለው ጥርስ ላይ ጠብታ ምራቅ ካረፈ ቀዳዳዎቹ ወዲያው ይደፈናሉ። ከዚያ በላዩ የሚፈስሰው ማሸጊያ ለጊዜው ያምራል፤ ሥር ግን የለውም፣ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። ምራቅ ከነካው ጠርጎ ማድረቅም አይበቃም፤ ከአሲዱ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ ጉንጭና ምላስ ሥር ጥጥ እንወትፋለን፣ በቱቦ ምራቅ እንመጥጣለን። በዚያች ሰዓት እናቴ ብትመጣም አላናግራትም።

ኃላፊው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «ጤነኛ ጥርስ ይዞ ሐኪም ቤት የሚመጣ ማን ነው?» አለኝ። ቀጥሎም «እሺ፣ ሞክሪው። የመጀመሪያዎቹ ከያዙ እንቀጥላለን። ከረገፉ ግን ወደ ጉጠትሽ» አለ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ፤ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ሳልዘጋው አልቀረሁም።

የመጀመሪያዋ ልጅ የመጣችው ከአያቷ ጋር ነው። ሽማግሌው ከሮቤ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ናቸው፤ ስንዴ አራሽ፣ ነጭ ጢማም፣ ጋቢ ከትከሻቸው የማይለይ። ከዚያ ቀደም ታላቅ ወንድሟን አምጥተውት መንጋጋውን ነቅዬለት ነበር። ያን ቀን ትሪው ላይ ያለውን ጥርስ ጎንበስ ብለው አዩና «ይሄ እኮ ትናንት የበቀለ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ታናሽ እህት አለችው። የእሷም እንዲህ ሊሆን ነው?» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

«አይሆንም አባባ። ሳይታመም ያምጧት፤ እኔ እዘጋዋለሁ። ዋስ ነኝ።»

ዋስ ነኝ ማለት በእኛ አገር ዝም ብሎ ከአፍ የሚወጣ ቃል አይደለም። እሳቸውም እንደ ዋስ ነው የያዙኝ። ልጅቷን ይዘው ሲመጡ፣ «ፈያ? ነጋ? ቤቱ ፈያ? ልጆቹ ፈያ?» ብለው የሰላምታውን ወግ በሙሉ ካደረሱ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«መንደሩ ሁሉ ሳቀብኝ፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ። ያላመመውን ጥርስ ሐኪም ጋ የሚወስድ ይሄ ሽማግሌ አበደ አሉ። እኔ ደግሞ ሐኪሟ ዋስ ሆናልኛለች አልኳቸው። ከያዘ የራሳቸውን ልጆች ሊያመጡ ነው። ካልያዘ...» ብለው እጃቸውን በአየር ላይ በተኑ።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጣች። አራቱም አዳዲስ መንጋጋዎቿ በቅለዋል፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ነጠብጣብ የሌለባቸው። እንደዚያ ያለ ጥርስ ሳይ እስከ ዛሬ ልቤ ይሞቃል። ሽማግሌው በቀኟ በኩል ቆመው እጇን ያዙ። እኔና ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርሳችን ጥርሶቹን አንድ በአንድ አሲድ ቀባን፣ አጠብን፣ አደረቅን፣ አሸግን። ሲያልቅ በመሣሪያዬ ጫፍ ጫርኳቸው፤ አራቱም ፍንክች አላሉም። ልጅቷን በመስታወት አሳየኋት፤ ምንም አልታያትም። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ቤተ መንግሥት እንዳስመረቀ ሰው ነው።

ስንዴው ለአጨዳ ሲደርስ ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። ሰላምታው አጭር ነበር፤ በዚህ ብቻ ነገር እንዳለ ገባኝ። «ዋሴ፣ ክዳኑ ወድቋል» አሉኝ። አፏን ከፈትኩት። ከአራቱ ሦስቱ እንዳሉ ናቸው። የታችኛው የቀኙ ግን ባዶ ነው፤ ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ቢያንስ ገና አልጠቆረም። መልሼ መላልሼ አሰብኩ። አሲዱ አንድ ጠርሙስ፣ መብራቱ አንድ መብራት፣ እጁም የእኔው እጅ ነው። ለምን እሱ ብቻ?

«እንደገና እሠራዋለሁ» አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ጀመርኩ። ሽማግሌው እንደ በፊቱ በቀኝ ቆሙ። አሲድ፣ ውሃ፣ አየር። ጥርሱ ጠመኔ ሆነ። ነርሷ ምራቅ መምጠጫውን ይዛለች፤ እኔ ፈሳሹን ለማንሳት ወደ ትሪው ዞር አልኩ። ወዲያው ስመለስ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ ከንፈራቸውን አሹለው፣ ልጅቷ አፍ ላይ ደርሰዋል።

«ረቢን ሲ ሃ ጉዲሱ! ቱፍ! ቱፍ!»

እዚህ ላይ ለባሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለሌላው ልንገር። እኛ ጋ የሽማግሌ ምርቃት ቃል ብቻ አይደለም። ፈጣሪ ያሳድግሽ ካሉ በኋላ ምራቃቸውን ቱፍ ቱፍ ያደርጉብሻል፤ ቱፍታ ነው። ቱፍታ የሌለው ምርቃት ጎዶሎ ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ስሄድ የጎረቤታችን አዛውንት ግንባሬን አርሰው ነው የሸኙኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ እስኪደርቅ አልነካሁትም። ሽማግሌውም ሐኪም ሥራዋን ስትሠራ እኔ የእኔን ልሥራ ብለው ነው። አፉ ተከፍቷል፣ ጥርሱ አዲስ ነው፣ ምርቃት ከዚህ የተሻለ ምን ሰዓት አለው? ባለፈውም ጊዜ ወደ ትሪው ስዞር፣ በቀኝ በኩል ቆመው ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ያች ቀኝ መንጋጋ ለምን እንደረገፈች በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

ገባኝና ጮኽኩ። «ኧረ አባባ፣ አይትፉበት! አበላሹት እኮ! ያን ጊዜም ያበላሹት እርስዎ ነዎት!»

ድምፄ ተራ የሚጠብቀው ሰው ጋ ሳይቀር ደርሷል። ነርሷ ቱቦውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«የኔ ቱፍታ ነው ልጄን ያበላሸው?» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ልጅቷን ከወንበሩ አወረዷት። «ኮቱ ኢንተላ ቲያ፣ ነይ እንሂድ።» ወጡ።

ንዴተኛ ነኝ፤ ንዴቴ ግን የሚቆየው ውሃ እስኪፈላ እንኳ አይደለም። ባዶው ወንበር ላይ ዐይኔ ሲያርፍ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። ስንጥቁ ክፍት ነው። መንደሩ እየጠበቀ ነው። እኚህ ሰው በዚህ በር ከወጡ ከዚያ ቀበሌ አንድ ልጅ አይመጣልኝም፤ ይህች ልጅም እንደ ወንድሟ፣ ጉንጯን በሻሽ አስራ ነው የምትመለሰው። እንደ እኔ ክትፎ ታዛለች። ጓንቴን እንዳጠለቅሁ፣ ከመብራቱ የሚከልለኝን ብርቱካንማ መነጽር እንዳደረግሁ ሮጥኩ። በር ላይ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮች አንድ ላይ አጨበጨቡልኝ።

የደረስኩባቸው አስፋልቱ ዳር ነው። ኮምባይነር እያጓራ ስለሚያልፍ ለመሻገር ቆመዋል። እሳቸው ግን ኮምባይነሩን አይደለም የሚያዩት፤ በሳነቴ አምባ በኩል የተቆለለውን ደመና ነው። ይቅርታ ልል ነበር የሮጥኩት። ዐይናቸውን ተከትዬ ደመናውን ሳይ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«አባባ፣ ስንዴዎ ታጨደ?»

ፊታቸውን ሳያዞሩ «አልታጨደም። ተራ ይዘናል» አሉ።

«ዝናብ የሚመጣ ይመስላል።»

«ረቢ ይያዝልን።»

«ለምን ይያዝልን ይላሉ? ዝናብ በረከት አይደለም እንዴ? ይምጣ ብለው ይመርቁት እንጂ።»

አሁን ዞረው አዩኝ፤ ያበድኩ መስሏቸዋል። «ልጄ፣ ስንዴው ደርሶ ቆሞ፣ ኮምባይነር እየተጠበቀ ዝናብ የሚለምን ሰው አለ? ዝናብም ሰዓት አለው።»

«የልጅቷ ጥርስ ኮምባይነር እየጠበቀ ነበር፣ አባባ። እርስዎ ዝናብ አመጡብኝ።»

ወደ ልጅቷ ዞሩ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። «ቱፍታዎ በረከት ነው፤ እኔም በእሱ ነው ያደግሁት። ጥርሱ ግን እስክሰበስበው ድረስ ደረቅ መሆን አለበት። ጥቂት ያቆዩልኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ልብዎ ያዝንቡት።»

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ ጉንጮቿ በጥጥ ተነፍተው ቆማለች። አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቷን አየችና በተወተፈ አፏ «ጥጡን ልትፋው?» አለች። ሽማግሌው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም፣ ሳቃቸው ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ።

«ሰዓቱ መድረሱን በምን አውቃለሁ?» አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ።

«ሰማያዊው መብራት ሲጠፋ እነግርዎታለሁ።»

«ኤዬ፣ እሺ። የአንቺስ ጩኸት? እሱ ሰዓት የለውም?»

«አለው አባባ። አሁን አልፏል። ይቅር ይበሉኝ።»

ተመለስን። አዲስ ጥጥ፣ እንደገና አሲድ፣ እንደገና ውሃ፣ እንደገና አየር። ጥርሱ ጠመኔ ሆነ። በዐይኔ ጥግ ሳይ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘውታል። የሚተነፍሱም አልመሰለኝም። ፈሳሹ ስንጥቁን ሞልቶ ሲሰርግ አየሁት። መብራቱን ለኮስኩ። ሰማያዊው ብርሃን በልጅቷ ጉንጭ በኩል ወጥቶ ይታያል። መሣሪያው ጮኸና ጠፋ። ጫርኩት፤ ፍንክች የለም።

«አሁን!» አልኩ።

ጋቢው ወረደ። የተጠራቀመ ምርቃት እንደዚያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ልጅቷን መረቁ፣ እኔን መረቁ፣ ነርሷን መረቁ፣ መብራቱን መረቁ፣ ወንበሩንም አልማሩትም። የጎጃሟ ነርስ ፊቷን በክንዷ ለመጥረግ ስትሞክር «እንዳትነኪው» ብዬ ተቆጣኋት።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስለዚያች ጥርስ አስቤአለሁ። ኃላፊው «ያንቺ ክዳን እንዴት ነው?» እያለ ሲያሾፍ «ይዟል» እላለሁ፤ መያዙን ግን በምን አውቄ? በሚቀጥለው መኸር፣ ስንዴው ከገባ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ክሊኒክ ስደርስ በሩ ላይ አይሱዙ ቆሟል። ኮሪደሩ ሙሉ ልጅ ነው። ከልጆቹ ጀርባ፣ አግዳሚው ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ገና አንድም ልጅ ወንበር ላይ አልወጣም፤ እነሱ ግን ካሁኑ አፋቸውን ይዘዋል። የእኔ ሽማግሌ በመካከላቸው እየተንጎራደዱ ደንቡን ያስተምራሉ፦ «ሰማያዊው መብራት እስኪጠፋ የሚመርቅ የለም! ስንዴ ነው፣ ስንዴ!»

ኃላፊው ከቢሮው ብቅ አለና ኮሪደሩን አየ፤ እኔን አየ። ተመልሶ ገባ። እኔም እንደ ስንዴ አራሽ ደረቴን ነፋሁ።

መጀመሪያ ልጅቷን አስቀመጥኳት። ቁመቷ ጨምሯል፤ ከፊት ሁለት ትልልቅ ጥርሶች አብቅላለች። የታችኛውን የቀኝ መንጋጋ በመሣሪያዬ ጫፍ ዳሰስኩት። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተንሸራተተ፤ የሚይዘው ጉድባ የለም። ሌሎቹን ሦስቱንም አየሁ። አራቱም አሉ፤ ከሥራቸው ያለው ጥርስም እንደበቀለበት ቀን ንጹሕ ነው።

«ይዟል?» አሉ ሽማግሌው በጋቢያቸው ውስጥ።

«ይዟል አባባ።» መሣሪያዬን ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። «አሁን ጋቢውን ማውረድ ይችላሉ፤ ዛሬ የእሷን ጥርስ ማድረቅ አያስፈልግም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ጋቢውን አወረዱና ልጅቷን ሳይሆን እኔን ትክ ብለው አዩኝ። «የአንቺንስ ማን ዘጋልሽ?»

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ጭንብሌን አወረድኩና አፌን ከፈትኩላቸው። በግራና በቀኝ፣ መንጋጋ ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ ያሉትን ሁለት ባዶዎች ጎንበስ ብለው አዩ። ጥርሴን ካስነቀልኩ ወዲህ እንደዚያ በጥንቃቄ ያያቸው የለም።

«ይሄም ደረቅ መሆን አለበት?» አሉ።

አንገቴን ነቀነቅሁ፤ የለበትም።

«ረቢን ሲ ሃ ጉዲሱ» አሉኝ፤ ያሳድግሽ፣ አርባን ላለፈች ሴት። «ቱፍ! ቱፍ!»

አፌን ሳልዘጋ አሜን አልኩ።